32 ዓመት ደጀ ሰላም ላይ የቆመው መምህር

በአገራችን ክርስትና ለአብዛኞቻችን በእቅፍ ሳለን የተፈጸመልን ጉዳይ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ድግሱ ይበላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የክርስትና ስም ይወጣል። ባለጉዳዩ ግን ወይ ተኝቷል፣ ወይ እያለቀሰ ነው። ካደግን በኋላ ስለዚያ ቀን የምናውቀው አልበም ላይ ያየነውንና የክርስትና እናታችን ያጫወተችንን ብቻ ነው። ስለዚህም አንድ ጎልማሳ፣ ያውም ተምሮ ሥራ የያዘ፣ ደመወዝና ማዕረግ ያለው ሰው፣ ክርስቲያን ልሁን ብሎ ቢነሣ ምን ዓይነት መንገድ እንደሚጠብቀው ብዙዎቻችን አስበንበት አናውቅም።

ነገሩ ግን ከጆሯችን የራቀ አይደለም። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ንዑሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ያውጃል። ንዑሰ ክርስቲያን ማለት ገና ያልተጠመቀ፣ በትምህርት ላይ ያለ ሰው ነው። አዋጁን ሰምቶ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ግን እኔ እስካሁን አላየሁም። ያ አዋጅ ቤተ ክርስቲያን በጎልማሳ ተማሪዎች ተሞልታ ከነበረችበት ዘመን የተረፈ ድምፅ ነው።

በሜይ 2025 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ አውግስጢኖስ ማኅበር አባል የነበሩትን ሊዮ 14ኛን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አድርጋ ስትመርጥ የዚህ ጥንታዊ አፍሪካዊ ስም እንደገና በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። አውግስጢኖስን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፈላስፋነቱ፣ ኑዛዜ በተሰኘው መጽሐፉና በጵጵስናው ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት ስለነበረው አውግስጢኖስ ነው። ዲያቆኑ ውጡ ሲል ተነሥቶ ይወጣ ስለነበረው ሰው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው የቀመሰው ሕፃን

አውግስጢኖስ የተወለደው ኖቬምበር 13 ቀን 354 ታጋስቴ በምትባል አነስተኛ የሰሜን አፍሪካ ከተማ ነው። ዛሬ ከተማዋ በአልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ ትባላለች። አባቱ ፓትሪሲዩስ የከተማው ምክር ቤት አባል ነበር፤ ጥቂት መሬት ቢኖረውም ሀብታም የሚባል ሰው አልነበረም። ሃይማኖቱም የጥንቶቹ የሮማ አማልክት አምልኮ ነበር። እናቱ ሞኒካ ግን አጥባቂ ክርስቲያን ነበረች።

ሞኒካ ልጇን በሕፃንነቱ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። አላስጠመቀችውም። በግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት ተደረገለት፣ ጨው ቀመሰ፣ በቃ። በዚያን ዘመን ሥርዓት ይህ ንዑሰ ክርስቲያን ያደርግ ነበር። ሕፃኑ በሩን ረግጧል፣ ወደ ውስጥ ግን አልገባም።

እናቲቱ እንዲያ አማኝ ሆና ለምን አላስጠመቀችውም? ጥምቀት ከዚያ በፊት የተሠራውን ኃጢአት ሁሉ ያጥባል ተብሎ ይታመን ነበር። ከጥምቀት በኋላ ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ግን በሕዝብ ፊት ረጅም ንስሐ ይጠብቀዋል፤ ያውም የሚፈቀደው በዕድሜ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ነገሩን አስልቶ፣ ልጁ የወጣትነት እሳቱ እስኪበርድ ይቆይ ይል ነበር። እስከ ሞት አልጋ የሚያቆዩትም ጥቂት አልነበሩም። ቄሣር ቆስጠንጢኖስ እንኳ የተጠመቀው በ337 ሊሞት ሲል ነው። የአውግስጢኖስ አባትም እንዲሁ በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ተጠምቋል።

አንድ ጊዜ ልጁ ሆዱን ክፉኛ ታሞ ሞት አፋፍ ላይ ደረሰና አጥምቁኝ ብሎ ለመነ። እናቱ ተጣድፋ መሰናዶ ስትጀምር ዳነ። ዳነና ጥምቀቱም ቀረ። አውግስጢኖስ በስተርጅናው ሳይሆን ገና በጎልማሳነቱ ይህን ልማድ ተችቶታል። የታመመን ሰው ገና አልዳነምና ይቁሰል ብለን አንተወውም፤ ነፍስ ላይ ሲሆን ለምን እንዲያ እንላለን የሚል ነበር ሐሳቡ።

ሁሉን የሞከረ ምሁር

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ገንዘብ በመታጣቱ 16 ዓመት ሲሆነው አንድ ዓመት ያለ ትምህርት እቤት ተቀመጠ። በኋላ በአንድ ባለጸጋ ወዳጅ እርዳታ ካርቴጅ ሄዶ የንግግር ጥበብ ተማረ። የንግግር ጥበብ ያኔ ዛሬ ሕግና ኢኮኖሚክስ እንደሚከፍቱት ዓይነት በር ይከፍት ነበር፤ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ቤተ መንግሥት የሚያስገባ መንገድ ነው።

እዚያው ካርቴጅ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ መኖር ጀመረ፣ ወንድ ልጅም ወለዱ። ስሙን አዴኦዳቱስ አሉት፤ በእኛ አፍ እግዜር ሰጠኝ እንደ ማለት ነው። 19ኛ ዓመቱ ላይ የሮማዊውን የሲሴሮን ሆርቴንሲየስ የተባለ መጽሐፍ አነበበና ጥበብን የመፈለግ ጉጉት ያዘው። ወዲያው መጽሐፍ ቅዱስን ገለጠ። ያኔ በአፍሪካ ይነበብ የነበረው የላቲን ትርጉም ቋንቋው ሻካራ ነበርና ለሲሴሮ አንባቢ የማይመጥን መስሎት ዘጋው።

ከዚያ ወደ ማኒ ተከታዮች ገባ። እነዚህ ሰዎች ዓለምን የብርሃንና የጨለማ ጦርነት አድርገው የሚያስረዱ፣ እምነትን ሳይሆን ማስረጃን እንሰጣለን የሚሉ ነበሩ። ለተማረ ወጣት ይህ አባባል ምን ያህል እንደሚጥም እናውቃለን። ዘጠኝ ዓመት ያህል አብሯቸው ቆየ። እናቱ መጀመሪያ ላይ በዚህ ተቆጥታ ከቤቷ ከልክላው ነበር።

በዚሁ ዘመን የሆነ አንድ ነገር አለ። አውግስጢኖስ በትውልድ ከተማው ሲያስተምር አንድ የልብ ጓደኛ ነበረው። ጓደኛው በትኩሳት ራሱን ስቶ ሳለ ቤተሰቡ አስጠመቁት። ሲነቃ አውግስጢኖስ አጠገቡ ነበርና፣ ራስህን ስተህ ውሃ አፈሰሱብህ እያለ ሊቀልድበት ሞከረ። አብሮት ይስቃል ብሎ ነበር። ጓደኛው ግን እንደ ጠላት አየው፤ ወዳጅነታችን እንዲቀጥል ከፈለግህ ዳግመኛ እንዲህ እንዳትናገር አለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ አገረሸበትና ሞተ። ኀዘኑ አውግስጢኖስን ከከተማው አስወጣው። ጥምቀት እንዲሁ የውሃ ጉዳይ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ለዓመታት የማይወጣ እሾህ ነው።

ቀስ በቀስ የማኒ ትምህርት መልስ እያጣበት መጣ። በ383 የተመካባቸው ፋውስቱስ የሚባል መምህራቸው ካርቴጅ ሲመጣ ጥያቄዎቹን ይዞ ቀረበው። ፋውስቱስ ጨዋታ አዋቂና ጨዋ ሰው ነበር፣ ጥያቄዎቹን ግን መመለስ አልቻለም። አውግስጢኖስ በዚያው ዓመት እናቱን አታሎ በሌሊት መርከብ ተሳፈረና ሮም ገባ። ቀጥሎ በ384 የሮም ከተማ ሹም የነበረው ሲማኩስ መርጦት፣ ቄሣሩ በሚቀመጥበት በሚላን የንግግር ጥበብ መምህር ሆነ። በ30 ዓመቱ ገደማ ከታጋስቴ የወጣው ልጅ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ደረሰ።

የስምንት ቀኑ ጳጳስ

ሚላን ውስጥ ጳጳሱ አምብሮስዮስ ነበር። የእሱ ታሪክ ከአውግስጢኖስ ታሪክ ፍጹም ተቃራኒ ነው። አምብሮስዮስ የሚላን አካባቢ አገረ ገዥ ነበር። በ374 የከተማው ጳጳስ ሲሞት ሕዝቡ በተተኪው ጉዳይ ተከፋፈለ፤ አገረ ገዥው ረብሻ እንዳይነሣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሕዝቡ ግን እሱን ራሱን ጳጳስ ሁን ብሎ ያዘው። ሰውየው ገና አልተጠመቀም፣ ንዑሰ ክርስቲያን ነው! በስምንት ቀን ውስጥ ተጠምቆ ጳጳስ ሆነ። ሳይማር ለማስተማር እንደተገደደ በኋላ ራሱ ጽፏል። ለዚህም ይመስለኛል፣ እሱ ያላገኘውን ዝግጅት ለሌሎች በመስጠት ረገድ ማንም ያልደረሰበት መምህር የሆነው።

አውግስጢኖስ ወደ እሱ የሄደው ለእምነት አልነበረም፤ ዝነኛ ተናጋሪ ነው ሲሉ ሰምቶ አነጋገሩን ሊመዝን ነው። ይሁንና ከአነጋገሩ ጋር ነገሩም ገባ። ሻካራ መስሎት የዘጋው ብሉይ ኪዳን በአምብሮስዮስ አተረጓጎም ጥልቀት ያለው ሆኖ ታየው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ልብ ይሏል፤ ቁርጡ እስኪታወቅ ድረስ በልጅነቱ ወላጆቹ ያስገቡት ንዑሰ ክርስቲያንነት ውስጥ ልቆይ አለ። ማለትም ስብከቱን ይሰማል፣ ከዚያ ምሥጢሩ ሲጀመር ይወጣል።

ጥያቄውን ለጳጳሱ በግል ለማቅረብ ብዙ ጊዜ ሞከረ። አምብሮስዮስ በሩ ለማንም ክፍት ነበር፤ ግን ወይ በባለጉዳይ ተከቧል፣ ወይ ድምፁን ሳያሰማ መጽሐፍ ያነባል። በዚያ ዘመን ሰው የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ጮክ ብሎ ነበርና ይህ አውግስጢኖስን አስገርሞታል። ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጥና፣ መረበሹን ይፈራና፣ ተነሥቶ ይሄዳል።

ዋጋው

እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ታሪኩ ቀላል ነበር። የአውግስጢኖስ ችግር ግን ከሐሳብ አልፎ ሕይወቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሞኒካ በ385 ሚላን መጣች። ለልጇ እድገት የሚመጥን ጋብቻ ተፈለገ። የታጨችለት ልጅ ለጋብቻ ሕጋዊ ዕድሜ ሁለት ዓመት የሚቀራት ነበረች፤ በሮማ ሕግ ዕድሜው 12 ነበርና 10 ዓመቷ ነው ማለት ነው። ጋብቻው እንዲሳካ ደግሞ 15 ዓመት ያህል አብራው የኖረችው ሴት መሄድ ነበረባት። ሌላ ወንድ እንደማታውቅ ስእለት ገብታ፣ ልጇን ለአባቱ ትታ፣ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። አውግስጢኖስ ልቡ እንደደማ ጽፏል። ይህን እየተናገረ ግን ሠርጉ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። ስለ እናቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ በልጅነቱ ስለ ሰረቀው ፍሬ ሳይቀር ብዙ የጻፈ ሰው የዚያችን ሴት ስም የትም አልጠቀሰም። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የምቆጣው በዚህ ነው። ቅዱስ የምንለውን ሰው ሕይወት ስናወራ እሷን ዘልለን ማለፍ የለብንም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሲምፕሊሲያኖስ ወደሚባል ሽማግሌ ቄስ ሄደ። ቄሱም የማርዮስ ቪክቶሪኖስን ታሪክ ነገረው። ቪክቶሪኖስ በሮም ሐውልት የቆመለት የንግግር ጥበብ ሊቅ ነበር። የክርስቲያኖችን መጻሕፍት ሁሉ አንብቦ ለሲምፕሊሲያኖስ በምሥጢር፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ ይለው ነበር። ሲምፕሊሲያኖስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካላየሁህ አላምንም ይለዋል። ሊቁ፣ ክርስቲያን የሚያደርገው ግድግዳ ነው እንዴ እያለ ይቀልድ ነበር። በእርግጥ የሚፈራው ትልልቅ ወዳጆቹን ነበር። አንድ ቀን ግን እንሂድ አለ፤ ትምህርት ጀመረ፣ ስሙን አስመዘገበ። ጸሎተ ሃይማኖቱን በሕዝብ ፊት የሚልበት ቀን ሲደርስ ቀሳውስቱ፣ ለሚያፍሩ ሰዎች እንደሚደረገው በግል ይሁንልህ አሉት። እሱ ግን ስንት ዘመን የንግግር ጥበብን በአደባባይ ሳስተምር ኖሬ ይህን በጓዳ አልናገርም አለና ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆሞ ተናገረ።

ይህን ታሪክ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አጫውቼው ነበር። ወላጆቹ በአብዮቱ ዘመን ሃይማኖትን የተዉ ሰዎች ነበሩና ክርስትና አልተነሣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የካቶሊክ እምነትን ለመቀበል ፈልጎ ካህን ሲያነጋግር፣ በየሳምንቱ እየመጣህ ተማር፣ የሚቀጥለው ፋሲካ ሲደርስ እንነጋገራለን ተባለ። በጣም ተናደደ። ማስተርሱን በማታ ትምህርት የጨረሰ ሰው ነው፤ ሃንድአውቱን ይስጡኝና በሳምንት አንብቤ ልፈተን፣ ይህን ያህል ምን ያስጠብቃል አለኝ። ቪክቶሪኖስም መጻሕፍቱን አንብቦ ጨርሶ ነበር አልሁት። ሲምፕሊሲያኖስ የጠበቀው የንባቡን ማለቅ ሳይሆን የሰውየውን መምጣት ነው። ባልደረባዬ ለጊዜው አልተዋጠለትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሄደ።

አውግስጢኖስም ዘንድ ጉዳዩ እውቀት አልነበረም። በ386 ክረምት ጶንቲክያኖስ የሚባል የአገሩ ሰው ስለ ግብፃዊው መናኝ፣ እኛ እንጦንስ ስለምንለው አባት አጫወተው። የእሱን ገድል አንብበው የቄሣር ሹመታቸውን እዚያው ስለተዉ ሁለት ባለሥልጣናትም ነገረው። ያልተማሩት መንግሥተ ሰማያትን ሲወስዱ እኛ በትምህርታችን ጭቃ ውስጥ እንንከባለላለን ብሎ ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጣ። የሕፃን ድምፅ አንሥተህ አንብብ ሲል ሰማ፤ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ወደ ሮሜ ሰዎች ከተላከው ክፍል አነበበ። ከዚያ በኋላ ጋብቻውም፣ የቤተ መንግሥት ተስፋውም ቀረ።

ስም መስጠት

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ አለቀሰ፣ አነበበ፣ አመነ። በአትክልቱ ስፍራ ከሆነው እስከ ጥምቀቱ ግን ስምንት ወር ገደማ አለ። ለእኔ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ። በጩኸት አልለቀቀም። ለወይን ለቀማው የሚሰጠው የትምህርት ቤት ዕረፍት እስኪደርስ 20 ቀን ያህል ጠበቀና፣ የደረት ሕመሙንም ምክንያት አድርጎ ሌላ መምህር ፈልጉ አላቸው። ከዚያ ከእናቱ፣ ከልጁና ከጓደኞቹ ጋር ካሲሲያኩም ወደሚባል የአንድ ወዳጁ የገጠር ርስት ሄደ። ውይይት፣ ንባብ፣ ጸሎት፣ የእርሻ ሥራ። ለአምብሮስዮስ ደብዳቤ ጻፈ፤ የቀድሞ ስሕተቱንና የአሁን ሐሳቡን ገልጦ ምን ላንብብ ሲል ጠየቀ። ነቢዩ ኢሳይያስን አንብብ የሚል መልስ መጣለት። የዘመኑ ታላቅ አንባቢ ገለጠው፤ አልገባውም። የጌታን አነጋገር የበለጠ እስክለምድ ይቆይ ብሎ አስቀመጠው። ይህን ሳይደብቅ መጻፉ ደስ ይለኛል።

በ387 መጀመሪያ ወደ ሚላን ተመልሶ ስሙን ሰጠ። ስም መስጠት ማለት ለመጪው ፋሲካ ለመጠመቅ መመዝገብ ነው። አምብሮስዮስ ከኤጲፋንያ በዓል ጀምሮ ስም ስጡ እያለ ሕዝቡን ይለምን ነበር። አብረውት የተመዘገቡት ጓደኛው አሊፒዩስና 15 ዓመት ሊሞላው የደረሰው ልጁ አዴኦዳቱስ ናቸው። አሊፒዩስ ሰውነቱን ለማስገዛት ሲል በረዶ በያዘው የጣልያን መሬት ላይ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። አባት፣ ልጅና ጓደኛ አንድ ክፍል ውስጥ እኩል ተማሪዎች ሆኑ።

ለትልቁ መምህር የተለየ መስተንግዶ አልተደረገም። በዐቢይ ጾም በየዕለቱ ትምህርት አለ። አምብሮስዮስ በዚያን ጊዜ የሚያስተምረው ረቂቅ ነገረ መለኮት ሳይሆን የአብርሃምን፣ የይስሐቅን፣ የያዕቆብን ሕይወትና የመጽሐፈ ምሳሌን ምክር ነበር። በመጀመሪያ እንዴት እንደሚኖር ይማር ነው ነገሩ። ክፉ መንፈስን የሚያርቅ ጸሎት እየተደጋገመ ይደረግላቸዋል። ይጾማሉ።

ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ ደግሞ ጸሎተ ሃይማኖት ይሰጣቸዋል። መስጠት ስል በወረቀት አይደለም። ጳጳሱ በቃሉ ይላል፣ እነሱ ተቀብለው በልባቸው ይይዛሉ፤ መጻፍ ክልክል ነው። አምብሮስዮስ የሚጻፍ ነገር ስለማይደጋገም ይረሳል፣ የማይጻፍ ግን በየቀኑ ስለሚከለስ ይጸናል የሚል ሐሳብ ነበረው። በአብነት ትምህርት ቤት ቃል ትምህርት የተማረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የትንሣኤ ሌሊት

አፕሪል 24 ለ25 አጥቢያ፣ 387። ቦታው ስምንት ማዕዘን ያለው የሚላን ማጥመቂያ ቤት ነው፤ ፍርስራሹ ዛሬም በታላቁ የሚላን ካቴድራል ሥር ይታያል። ማዕዘኑ ስምንት የሆነው ስምንተኛው ቀን የትንሣኤ ቀን ነውና ነው።

ሥርዓቱን ከአምብሮስዮስ ትምህርቶች እናውቀዋለን። ጳጳሱ ጆሮና አፍንጫቸውን ይነካል፤ እንዲከፈት። ለትግል እንደሚገባ ሰው ሰውነታቸው ዘይት ይቀባል። ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ። ወደ ገንዳው ወርደው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ታምናለህ ወይ ተብለው ሦስት ጊዜ ይጠየቃሉ፤ በእያንዳንዱ መልስ ወደ ውሃው ይጠልቃሉ። ሲወጡ ራሳቸው ይቀባል፣ እግራቸው ይታጠባል። እግር ማጠብ በሮም ያልነበረ፣ አምብሮስዮስ ግን አጥብቆ የጠበቀው የሚላን ልማድ ነው። ነጭ ልብስ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይገባሉ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ውጡ ሳይባሉ ይቆማሉ፣ ይቆርባሉ።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። የጥምቀቱና የቁርባኑ ትርጉም በሰፊው የሚነገራቸው ከፈጸሙት በኋላ፣ በፋሲካ ሳምንት ነው። ዛሬ እኛ በሁሉም ነገር መጀመሪያ ማኑዋሉን እናነባለን። እነሱ ግን አንዳንዱ ነገር ካልቀመሱት በቀር ቢነገርም አይገባም ባዮች ነበሩ።

አውግስጢኖስ ስለዚያ ሌሊት የጻፈው በጣም ጥቂት ነው። ተጠመቅን፣ ያለፈው ሕይወት ጭንቀት ከእኛ ሸሸ ብሎ ያልፋል። በኋላ በነበሩት ቀናት በመዝሙሩ ያለቅስ እንደነበር ግን አልደበቀም።

ተማሪው ሲያስተምር

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። በዚያው 387 ሞኒካ ኦስትያ ወደብ ላይ በ56 ዓመቷ አረፈች። በ388 ወደ አፍሪካ ተመለሰ። አዴኦዳቱስ ብዙም ሳይቆይ በወጣትነቱ ሞተ። በ391 ሂፖ ወደምትባለው ከተማ (የዛሬዋ አናባ) ለጉዳይ ሲሄድ ሕዝቡ ይዞ ቄስ አስደረገው፤ አለቀሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጳጳስ ሆነ።

አሁን በየዓመቱ ስም የሚሰጡትን የሚቀበለው እሱ ነው። በ400 ገደማ ከካርቴጅ ዴኦግራቲያስ የሚባል ዲያቆን ቅሬታ ላከለት፤ አዲስ ለሚመጡ ሰዎች ያንኑ ትምህርት ስደጋግም ይሰለቸኛል፣ ለራሴም ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማኛል የሚል ነበር። አውግስጢኖስ በመልሱ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት። አሠልጣኝ የሆነ ሰው ሁሉ ቢያነበው የምመኘው መጽሐፍ ነው።

ምክሮቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። የመጣውን ሰው መጀመሪያ ለምን እንደመጣ ጠይቀው፤ ለጥቅም ወይም ሰው ለማስደሰት መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ከዚያው ተነሣ። የተማረ ሰው ከሆነ የሚያውቀውን እንደማያውቅ አድርገህ አታስተምረው። የንግግር ጥበብ ተምሮ ከመጣ ደግሞ የካህናቱን የሰዋስው ስሕተት እንዳይንቅ ትሕትናን ንገረው። ሲያዛጋ ካየህ ጨዋታ ጣልበት፤ ቆሞ ደክሞት ከሆነ ወንበር ስጠው። ከሁሉም በላይ በደስታ አስተምር። የምታውቀውን ከተማ ለእንግዳ ስታሳይ፣ አንተ የሰለቸህ መንገድ በእሱ ዓይን አዲስ ይሆንልሃል።

ያ ሰው አምብሮስዮስ ክፍል ገብቶ ዝም ብሎ ተቀምጦ የወጣው ሰው መሆኑን ካስታወስን፣ ወንበር ስጠው የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ መገመት አይቸግርም።

የጠፋውና የተመለሰው

ታሪክ ቀልደኛ ነው። አውግስጢኖስ ሰው ከአዳም ጀምሮ ኃጢአትን ይወርሳል ብሎ ያስተማረው ትምህርት በምዕራቡ ዓለም ሕፃናት ቶሎ እንዲጠመቁ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ሁሉም በሕፃንነቱ ሲጠመቅ ጎልማሳ ተማሪ ጠፋ፤ እሱ ያለፈበት ረጅም ዝግጅትም አብሮ ደበዘዘ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት በይፋ ያደሰችው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በዲሴምበር 1963 የጎልማሶች ዝግጅት በየደረጃው እንዲመለስ ወሰነ፤ የላቲን ሥርዓት የሚጠቀምበት መጽሐፍ በጃንዋሪ 1972 ወጣ። በእሱ መሠረት መጀመሪያ የመጠየቂያ ጊዜ አለ። ቀጥሎ ሰውየው በሥርዓት ንዑሰ ክርስቲያን ይሆናል፤ እንደ ሁኔታው ይህ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ስሙ ይመዘገባል፤ በጾሙ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ እሑዶች ልዩ ጸሎት ይደረግለታል። በትንሣኤ ሌሊት ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባል። ከዚያ እስከ በዓለ ኀምሳ ስለተቀበለው ምሥጢር ይማራል። መንገዱን ሁሉ አብሮት የሚሄድ የክርስትና አባት ወይም እናት ይኖረዋል። ይህ ላልተጠመቀ ሰው ነው፤ አስቀድሞ የተጠመቀ፣ ለምሳሌ ከኦርቶዶክስ የመጣ፣ ዳግመኛ አይጠመቅም። አውግስጢኖስ ዛሬ ቢመጣ መንገዱ አይጠፋውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ መጠበቅ ለምንድን ነው? ባልደረባዬ እንደመሰለው ሰውን ለመጠርጠር አይመስለኝም። ጊዜው የሚሰጠው ለሰውየው ነው። አእምሮ ያመነውን ኑሮ እስኪደርስበት ድረስ፣ መውጣት ከፈለገ በሩ ክፍት ሆኖ፣ በሠርግ ወይም በይሉኝታ ሳይሆን በራሱ ፈቃድ እንዲገባ ነው። አውግስጢኖስ በእውቀት ቢሆን ኖሮ ከአስተማሪዎቹ አብዛኞቹን ያስተምር ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነበርና ተራውን ጠበቀ።

መጠበቁን መቼም አልተወውም። በ430 ሂፖ በቫንዳሎች ተከብባ ሳለ በትኩሳት ታመመ። የንስሐ መዝሙሮችን አስጽፎ ከአልጋው ትይዩ ግድግዳ ላይ አሰቀለ። ሐኪም ከሚመጣበትና ምግብ ከሚገባበት ሰዓት በስተቀር ማንም እንዳይገባ አዝዞ፣ አሥር ቀን ያህል እያለቀሰ ሲያነብባቸው ቆየ። ስንት ሺህ ሰው ያስተማረው ጳጳስ፣ በ75 ዓመቱ፣ ጥቅሱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ እንደሚያጠና ተማሪ ሆኖ ኦገስት 28 ቀን አረፈ።

ቸር ይግጠመን።